የጎረቤቶች መብራት

አዲሱ የጃፓን ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ቤቶቹ ጨልመው የሚያመሹበት የተራራ ከተማ ሰው አልባ ተብሎ መንገዱም ኤሌክትሪኩም ይዘጋበታል። ስለዚህ አሮጊቷ ፉሚዬ ፀሐይ ስትጠልቅ ቁልፎቹን ይዛ ትወጣና የሞቱ ጎረቤቶቿን ቤት እየከፈተች መብራት ታበራለች። በየደጃፉ ጫማዋን አውልቃ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልግባ» ሳትል አትገባም። የራሷን ቤት የምታበራው ስትመለስ ነው። ከእሷ ሌላ በከተማው የቀሩት ሽማግሌው ቶኩጂ ብቻ ናቸው።

አንድ ምሽት በረዶው መንገድ ላይ አዘገያት። ስትመለስ የገዛ መስኮቷ በርቶ አገኘችው። ቶኩጂ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው፣ እጃቸውን ከማብሪያው ሳያነሱ ውስጥ ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«መስኮትሽ ጨልሞ ሲያመሽብኝ ጊዜ» አሉ፣ «አንቺም የሄድሽ መስሎኝ ነው።»

ፉሚዬ ጫማዋን ከጫማቸው አጠገብ አወለቀች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፣ «ልግባ።»