የጉማሬው ድምፅ

ድሮ ሲኒማ ቤት ይታይ የነበረው የጉማሬው ካርቱን ታድሶ በየቤቱ ሊለቀቅ ነው። የደበዘዘውን ቀለም ያፈካችው፣ የተቧጨረውን ፊልም ያጸዳችው ትርሲት ናት። አንድ ሥራ ቀርቷታል። የጉማሬው ድምፅ የባሏ የምንተስኖት ነው፤ የምንተስኖት አርባ ደግሞ ትናንት ወጥቷል። በዚህ ዘመን ሕግ የሞተ ሰው ድምፅ ከአርባው በኋላ የትም አይሰማም። ከስልክም ከሠርግ ቪዲዮም ተጠርጎ ይወጣል።

"ጋሽ በድሉ፣ በሞቴ!" አለች አለቃዋን። "ንግግሩን ላጥፋው፤ ሳሉን ብቻ ይተዉልኝ። ሳል እኮ ቃል አይደለም!"

"ልጄ፣ ማን ጠላ? ሳሉም የሱ ነው፤ ሁለታችንንም ያስሩናል" አሉ ጋሽ በድሉ፣ ዓይኗን ላለማየት አንገታቸውን ደፍተው።

አጠፋችው። በገዛ እጇ፣ እስከ ትንፋሹ።

ካርቱኑ በተለቀቀ ዕለት ልጇ ሄርሜላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ዘፍ አለች።

"አባባ አሁን ይመጣል!"

ጉማሬው ከውሃው ብቅ ብሎ ያንን ሰፊ አፉን ከፈተ። ምንም አልተሰማም። ሄርሜላ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ጨመረች። ዳክዬዎቹ ጮኹ፣ ዝንጀሮው አንባረቀ፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ፤ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ጉማሬው እንደገና አፉን ከፈተ።

"እማዬ" አለች ልጅቷ፣ ሪሞቱን ወደ እናቷ እየዘረጋች፣ "አንቺ ጨምሪልኝ፤ እኔን እምቢ አለኝ።"