እንኮዬ በር አንኳኳች

ዘርትሁንን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንገበገባት አንድ ነገር ነበር። እናቷ ከመሞታቸው በፊት ድምፃቸውን ለእሷ ብለው መዝገብ ቤት አኑረውላታል። ያስመዘገቡት ግን በቤት ስሟ፣ እንኮዬ ብለው ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ መዝገቡም ቤቱም ቧንቧውም የሚከፈተው፣ ሰው አንገቱ ላይ ያሰረው ምስክር ወረቀት የያዘው ስም ከተመዘገበው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። መንደር ሙሉ ሰው «እሷው ናት» ቢል የሚሰማ የለም።

በየዓመቱ ስትመላለስ ጸሐፊዋ ትርሲት ያንኑ ትነግራታለች።

«እትዬ፣ ምስክሩን እንኮዬ ብዬ ልለውጠው እችላለሁ። በዘርትሁን ስም የነበረው ሁሉ ግን ይዘጋብዎታል።»

ዘንድሮ ዘርትሁን ምስክሩን ከአንገቷ ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ለውጪው። እናቴ ምን እንዳለችኝ ሳላውቅ ልሙት እንዴ?»

«ኧረ ቤትዎ እንኳ አይከፈትልዎትም!»

«ባሌ እጅ የለውም? እሱ ይክፈትልኝ!»

ስሙ ተለወጠ፤ መዝገቡም ተከፈተ። የእናቷ ድምፅ ከሳል ጋር መጣ።

«እንኮዬ፣ በልተሻል?»

ሌላ ምንም የለውም። ዘርትሁን ሦስት ጊዜ አስደገመችው። በሦስተኛው «አልበላሁም፣ እማ» ብላ መለሰች።

ቤቷ ስትደርስ በሩ ዝም አላት። በጡጫዋ ደበደበችው። በሰፈሩ በር ከተንኳኳ ዘመን አልፎታልና ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ባሏ ይመኑ ከውስጥ ደንግጦ ጮኸ።

«ማነው?»

«እንኮዬ ነኝ። ክፈትና ምሳ እንብላ።»