ያበጠው ፋይል

የሚጫወተውን የኮምፒውተር ጨዋታ በቪዲዮ ሲቀርጽ ዲስኩ ቶሎ ቶሎ ይሞላበት ነበር። ጠዋት ጓደኛው ናሆም በስልክ እየመራ አስተካከለለት።

«ከእንግዲህ ቦታ የሚይዘው የተንቀሳቀሰው ነገር ብቻ ነው» አለው። «ውጭ አገር ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ነበር ወንድሜ?»

ከሰዓት በኋላ ጨዋታውን አቁሞ፣ በሩን ከውጭ ቆልፎ፣ ከግቢው ሰው ሁሉ ጋር ለቅሶ ሄደ። ቀረጻውን ማጥፋት ረስቶ ነበር። ተመልሶ ሲያጠፋው ፋይሉ እንደ ድሮው አብጧል። ለናሆም ደወለለት።

«ጨዋታው ቆሞ ከነበረማ አይሆንም። ፊትህን የሚቀርጸው ካሜራስ? ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷል።»

ስልኩን ሳይዘጋ ቪዲዮውን ከፈተ። በስክሪኑ ጥግ ባዶ ወንበሩና ከኋላው ያለው አልጋ ይታያሉ። እሱ እንደወጣ የአልጋ ልብሱ ተገለጠና አንድ ሰው ከሥር ወጣ። ሰውየው በሩን ደጋግሞ ገፋ። አልከፈት ሲለው ከጠረጴዛው ላይ የሽንኩርት ቢላውን አነሳና ክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ ቆየ። የቁልፍ ድምፅ ሲሰማ ቢላውን እንደያዘ ተመልሶ አልጋው ሥር ገባ። ቀጥሎ ራሱን ሲገባ አየ።

«ኧረ ምንድን ነው? ምን አገኘህ?» አለ ናሆም።

«መጋረጃው ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ እግሮቹንም ቀስ ብሎ ከወለሉ አነሳ።