የሴት እጅ

ርዕሰ መምህሩ በመምህራኑ ሁሉ ፊት፣ «እህቴ፣ ከወረዳ ለሚመጡት እንግዶች ሻይ ዳቦውን አንቺ ያዥልን፤ የሴት እጅ ሲነካው ያምራል። ቤተ ሙከራውን አቤኔዘር ያስጎበኛቸዋል» ሲሏት የፊዚክስ መምህርቷ ደሟ ፈላ።

አቤኔዘር! አምና ተመርቆ ሲመጣ የቤተ ሙከራውን ዕቃ አንድ በአንድ ያሳየችው እሷ አይደለችም? ስንቱን ስብሰባ ጥርሷን ነክሳ አሳልፋለች። የዛሬው ግን አልዋጥ አላት።

«ጋሽ ደምሰው፣ እኔ እዚህ የተቀጠርኩት ፊዚክስ ላስተምር ነው። ሻዩን አቤኔዘር ይቅዳ!» አለችና የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ከጠረጴዛቸው ላይ አንስታ ወጣች።

እንግዶቹ ሲገቡ ተማሪዎቿ ጠረጴዛዎቹን ከበው ይጠብቁ ነበር። ርዕሰ መምህሩም ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ከኋላ ቆሙ። የእሷም ንዴት ገና አልበረደም። ቢሆንም ደስ ብሏታል። ለራሷ ብቻ አልነበረም የተጋፈጠችው፤ ለእነዚህ ልጃገረዶችም ጭምር እንጂ። ይኸው ፌቨን፣ የክፍሉ አንደኛ፣ ገና ሳትታዘዝ ሽቦውን ከባትሪው ልታያይዝ ጎንበስ ብላለች።

መምህርቷ ጉሮሮዋን ጠረገችና እንደ ልማዷ ሥራውን አከፋፈለች።

«በሉ፣ ወንዶች ሽቦውን አገናኙ። ሴቶች፣ የእናንተ ጽሑፍ ያምራል፤ ውጤቱን እናንተ ጻፉ።»

ፌቨን ሽቦውን ከጎኗ ለቆመው ልጅ አቀበለችና እስክሪብቶዋን አነሳች።