የማይቋረጠው ደመወዝ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ ቶሎም ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ፀሐይና አቧራ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የክልሉ ካዝና ባዶ መሆኑን ሬዲዮው ሳይቀር ተናገረ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎም ጭራሹን ቀረ። የጡረተኛውም እንደዚያው ሆነ። የከብት ሐኪሙ ሳንቲም ካየሁ ስንት ጊዜዬ እያለ በየደጁ ያማርራል። አንድ ቀን የአንድ ገበሬ ላም ሊያክም መጥቶም ይህንኑ አነሳ።

«የልጄ ደመወዝ ግን ይመጣል» አለ ገበሬው።

የከብት ሐኪሙ የላሟን እግር እንደያዘ ቀና አለ። «እሷን የቀጠራት ሌላ መንግሥት ነው እንዴ አባባ?»

ገበሬው የላሟን ቀንድ አጥብቆ ያዘ። ልጁ ከተማው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። በየወሩ መጨረሻ የአውቶቡሱ ሹፌር መገንጠያው ላይ ይቆምና ከፀሐይ መከለያው ሥር ቡናማ ፖስታ መዝዞ፣ «ከልጅዎ» ብሎ ያቀብለዋል። ፖስታው አንዳንድ ወር ወፈር ይላል፣ አንዳንድ ወር ይሳሳል። ሣሩ አልቆ ከብቱ ሁሉ በከሳበት ወር እንዲያውም እጅ ላይ አይከብድም ነበር። ገበሬው ነገሩን ያውቀዋል፤ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥበታል።

ገና ድሮ ለመንግሥት ሥራ ብሎ ያስተማራትም ለዚሁ ነበር። መሬት ይደክማል፣ ሰውም ይደክማል፤ መንግሥት ግን አይደክምም ይል ነበር። የካዝናው ወሬ ሲመጣ ግን ቁርጡን ተናገረ። ደመወዟ የቆመ ቀን ጓዟን ጠቅልላ ትመለሳለች፤ ተመልሳም የባለወፍጮውን ልጅ ታገባለች። ልጅቷ ይህን ሰምታ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። እናቷም ለመነች። እሱ ግን አንዴ የተናገረውን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም።

ያን ሰሞን አንጀቱን የሚያሳርረው ሌላ ጉዳይ ነበር። በጎቹ ያልቃሉ። መጀመሪያ አንድ ጠቦት ጠፋ፤ ሚስቱ አውሬ በላው አለች። ቀጥሎ አንድ ሙክት ጠፋ፤ ገመዱን በጥሶ ሄደ አለች። ገበሬው ገመዱን አነሳና አየው። አልተበጠሰም። ተፈትቷል።

በጎቹ የሚጠፉት ደግሞ ሁልጊዜ የሚስቱ ወንድም መጥቶ በሄደ ቀን ነበር። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያገላብጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ጡረታው ከቆመ ወዲህ ከከተማ እየመጣ እህቱን መጠየቅ አበዛ። ሲመጣ ባዶ እጁን ነው። ሲሄድ ግን ጀርባው ላይ የዱቄት ከረጢት አይጠፋም። የአንድ እግር ጫማው አፉን ከፍቶ በሲባጎ ታስሯል።

«ወንድምሽ ቤቴን እያራቆተው ነው» አላት ገበሬው አንድ ማታ።

«ወንድሜን በሌብነት አትጠርጥርብኝ።»

«ታዲያ በጎቹ ክንፍ አወጡ?»

ሚስቱ ምጣዷን ማጠብ ቀጠለች። ገበሬው ደሙ እንደፈላ ተኛ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እርሻ እሄዳለሁ ብሎ ወጣና ከጓሮው አጥር ሥር ተደበቀ። ብዙም አልቆየ። ጡረተኛው ዱቄቱን ተሸክሞ፣ አንድ ሙክት እየጎተተ በጓሮ በር ወጣ። በሩን የያዘችለት የገዛ ሚስቱ ናት።

ገበሬው ዱላውን ጨብጦ እስከ ከተማ ድረስ ተከተለው። እጅ ከፍንጅ ሊይዘው፣ ሕዝብ ፊት ሊያዋርደው ነው ሐሳቡ። ጡረተኛው የከብት ገበያ ገባና ሙክቱን ለአንድ ሥጋ ሻጭ ሸጠ። ዱቄቱን ግን አልሸጠም። ተሸክሞት በጤና ጣቢያው የኋላ በር ገባ። ገበሬው ጥርሱን ነከሰ። ከአባቷ የወሰደው አልበቃ ብሎት ከልጅቷ ደግሞ ሊቀላውጥ ነው!

ጡረተኛው ሲወጣ ከረጢቱ ትከሻው ላይ የለም። መንገድ ዳር አንድ ጫማ ሰፊ ፊት ቆመ፣ ጫማውን አየ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ አለፈ። ከዚያ ወደ አውቶቡስ ተራው አቀና።

ገበሬው አሁን ነው አለና ከአውቶቡሱ ኋላ ዞሮ ዱላውን አነሳ። ጡረተኛው ከኮቱ ኪስ ቡናማ ፖስታ አወጣ። የሙክቱን ገንዘብ አንድም ሳያስቀር ከተተበት፣ ጠርዙን በምላሱ አርሶ አሸገው፣ በመስኮት ለሹፌሩ አቀበለው። ሹፌሩ ከፀሐይ መከለያው ሥር ሰካው። ጡረተኛውም ሲባጎውን ጠበቅ አድርጎ አስሮ በእግሩ ሄደ።

ገበሬው ያነሳውን ዱላ ዝቅ አደረገ።

በማግስቱ ገበሬው መገንጠያው ላይ ቆሞ ፖስታውን ተቀበለ። «ከልጅዎ» አለው ሹፌሩ። «ተባረክ» አለው። ወደ ቤት ሲመለስ ወፍጮ ቤቱ ጋ ጎራ አለ። ባለወፍጮውን ሰላም ብሎ፣ «ልጄ ሥራ ላይ ናት፤ አትጠብቁን» አለውና መንገዱን ቀጠለ። ማታ ሚስቱ ምን ሆነሃል አለችው። ድካም ነው አላት።

የሚቀጥለው የገበያ ቀን ጡረተኛው በጓሮ በር ሊገባ ሲል ገበሬው ሁለት ሙክት በአንድ ገመድ አስሮ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ሚስቱ ከበስተኋላው እንደ ግንድ ደርቃ ቀረች። ገበሬው ገመዱን አቀበለው።

«አንዱ የልጅቷ ደመወዝ ነው» አለው፤ «አንዱ ያንተ ጡረታ።»