ጭብጨባ ለምኔ

ጂኦግራፊ የሚያስተምሩት መምህር ምትኩ «አዋሽ ወንዝ መጨረሻው የት ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሙሉቀን ዘሎ ተነሣና «ቀይ ባሕር!» አለ።

«የምን ቀይ ባሕር! አዋሽ ባሕር ሳያይ በረሃ ላይ ይቀራል እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የለፈለፍኩት ለግድግዳው ነው? ነገ አንብበህ ካልመጣህ ክፍሌን አትረግጣትም!»

ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ቁጣውን በቅናት አዳመጠችው። እሷን እዚህ ክፍል ውስጥ ተቆጥቷት የሚያውቅ የለም። መልሱ አቤ ሐይቅ መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች። ግን እጇን አወጣች፤ ተነሥታም «ቀይ ባሕር» አለች።

«ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ሞክረሻል! በሉ ሞቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡላት!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እሷ ግን እንደቆመች ቀረች።

«ቲቸር፣ እሱ ያለውን እኮ ነው ያልኩት።»

«ምንም አይደል፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። እሱን የተቆጡትን ያህል እኔንም ይቆጡኝ።»

አንዱ ሊስቅ ጀመረና ዋጠው።

«አንቺማ…» ብለው መምህሩ ነገሩን አንጠልጥለው ተዉት።

«እኔማ ምን?»

ይሄኔ ደማቸው ፈላ። «አንቺማ ሰነፍ ነሽ! ትናንት ሳስተምር ጆሮሽ የት ሄዶ ነበር? ነገ አንብበሽ ካልመጣሽ አንቺም ክፍሌን አትረግጫትም!»

ማንም አላጨበጨበም።

«እሺ ቲቸር» አለች፤ ፊቷ በርቷል። ከዚያም አግዳሚውን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠችና ነጭ በትሯን ጉልበቶቿ መካከል አቆመች።