የቆጣሪው ጠባቂ

ወላሂ ውሸት የለበትም፤ ያላመነ ማራኪ ሰፈር ይምጣና ግቢያችንን ይጠይቅ። የአንድ ሰው ነፍስ በአውራ ጣቴ ስር ነች፤ ሰውየው ደግሞ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሚስቴን እያሳቀ ነው።

አኒስ ይባላል፤ የመብራት ሠራተኛ ነው። ሲራመድ የመንገዱ ምሰሶዎች አንገታቸውን ደፍተው ያሳልፉታል፤ ሲስቅ ሚኒባስ መብራቱን ዝቅ ያደርግለታል። እኔ ለይላን ሳላገባ በፊት ሽማግሌ ልኮባት ነበር። አባቷ እምቢ አሉ። እሷ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ዛሬ ቤታችን የመጣው በኔው ጥፋት ነው። የውሃ ማሞቂያውን ራሴ ቀጠልኩት። አረንጓዴና ቢጫውን ገመድ ለጌጥ የተደረገ መስሎኝ ቆረጥኩት። ትናንት ለይላ ቧንቧውን ስትነካ ነዝሮ ወረወራት። ተነስታ የደወለችው ለአኒስ ነው። ቁጥሩን ከየት እንዳገኘችው እንጃ።

«ይሄን የቆረጠው ማነው?» አለ አኒስ፣ የገመዷን ጉማጅ ይዞ። «ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ እኮ ነው!»

«አይጥ ይሆናል» አልኩ።

«አኒስዬ፣ ጺም ያለው አይጥ ነው» አለች ለይላ።

እኔን የምትጠራኝ «አንተ» ብላ ነው።

ቆጣሪው የግቢው ተከራዮች ሁሉ የጋራ ነው። መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የደረሰ ሰው ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ ወደ ላይ ይመልሳል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ስለዚህ አኒስ ብሬከሩን አጥፍቶ «እስክጠራህ ንቅንቅ እንዳትል» ብሎ እዚህ አቆመኝ።

ይኸው ደግሞ ሳቀች።

ወደ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ጠጋ እላለሁ። ለይላ ባትሪ ይዛ ታበራለታለች፤ እሱ የተላጠ ሽቦ በጣቶቹ ይዟል። ምን ብሎ እንዳሳቃት ልሰማ ጆሮዬን ስቀስር ከኋላዬ የነጠላ ጫማ ኮቴ ይሰማኛል።

አያ ማሩ ናቸው፣ የጎን ተከራያችን። ሬዲዮናቸው ጸጥ ብሎባቸው እጃቸውን ወደ ብሬከሩ ዘርግተዋል።

ዝም ብል ማን ያውቃል? አያ ማሩም አያውቁም። የአያ ማሩ ጣት ብሬከሩን ሊነካ ይደርሳል። ከዚያ ዘልዬ መዳፌን ብሬከሩ ላይ እለጥፋለሁ።

«ምነው? ሬዲዮኔን ልትቀብረው ነው?»

«ሰው ሽቦ ይዟል፣ አያ!»

«ማን?»

«አኒስ።»

«ያ ሸጋው ልጅ?»

መዳፌን ላነሳው ምንም አልቀረኝም።

«ሷሊሕ፣ አብራው!» አለ አኒስ ከውስጥ። አበራሁና ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። አኒስ የኮረንቲ መሞከሪያውን ቴስተር ቧንቧው ላይ አስነክቶ በጭንቅላቱ እሺ አላት። ለይላ ትናንት የነዘራትን እጇን፣ ሳታመነታ፣ ቧንቧው ላይ ጫነች። እኔ ብላት እንዲህ አትነካውም።

እንፋሎቱ በመስኮት ወጥቶ ማራኪን ሸፈነ፤ ሚኒባሶች መንገድ ጠፍቷቸው ከከተማ ወጥተው ወለቃ ደረሱ። «ሷሊሕዬ!» ብላ ጠራችኝ፤ «ና፣ መጀመሪያ አንተ ታጠብ።»

ሁሉም እውነት ነው፤ ሚኒባሶቹም። የፈጠርኩት ይቺን የመጨረሻዋን ጥሪ ብቻ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ በሩ ላይ ስደርስ አኒስ እጅና ፊቱን እየታጠበ ነበር። ለይላ ፎጣ ዘርግታ ትጠብቀዋለች።

ፎጣው የኔ ነው።